ከቆቦ ወደ የት? የራያ ቆላ ተማሪና የውጭ ትምህርት ምርጫ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ ቤት ለቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ አሁን ወዴት ይሂድ? ያለፈው ወደተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይጓዛል። ያላለፈው ዓይኑን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጥላል። አንዱ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳውዲ የሚወስደው የቆየ መንገድ ነው። ሌላው በሰፈር አጠራር «ፕሮሰስ» የሚባለው፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ አድሚሽን አግኝቶ በአውሮፕላን የመሄድ ተስፋ ነው። ካለፉትም መካከል ይህን ተስፋ በልቡ ያልያዘ ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነው። የራያ ቆቦ ልጅ ደግሞ ከዚህ በፊት ያለፈው ሌላ ፈተና አለ። ከተማው በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዚያም በነሐሴ 2014 ዳግመኛ በጦርነት ውስጥ ወድቋል። በቅርብ የሚገኘው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ቁስሉ ሳይሽር ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ ርቆ ቢማር ይሻለኛል ቢል የሚወቅሰው ማን ነው?

ይህ ዳሰሳ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ያያል። መደምደሚያውን ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ «የት አገር?» መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው። ምን ልማር፣ ማን ይከፍላል፣ በምን ቋንቋ ነው፣ ዲግሪውስ የት ይሠራል የሚሉት ቀድመው ከተመለሱ አገሩ ራሱ ይገኛል። አገሩን አስቀድሞ የመረጠ ግን ሌሎቹን ጥያቄዎች ደላላ ይመልስለታል።

መንግሥት ይልክ በነበረ ጊዜ

ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ውጭ መሄድ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በቀደመው ዘመን ግን መራጩ ተማሪው አልነበረም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰውም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ዶክተር መላኩ በያን በቤተ መንግሥቱ ተልከው አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮው መስኪንገም ኮሌጅ፣ ኋላም በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። በደርግ ዘመን አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ተማሪዎች ወደ ሞስኮ፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ቡልጋሪያ ተላኩ። በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆችም ኩባ ውስጥ በወጣቶች ደሴት እንዲያድጉና እንዲማሩ ተደረገ።

ያ ሥርዓት ጉድለት ነበረው። ወዳጅነቱ የፖለቲካ ስለነበረ ልጁ የሚማረው ያሰበውን ሳይሆን የተመደበለትን ነበር። አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው፦ ማን እንደሚከፍል፣ ተማሪው ሲመለስ የት እንደሚሠራ ከመነሻው ይታወቃል። ዛሬ ምርጫው በተማሪውና በቤተሰቡ እጅ ወድቋል። ነፃነቱ መልካም ነው። ቀድሞ መንግሥት ይሠራው የነበረውን የማጣራትና የማማከር ሥራ ግን የተረከበ የለም፤ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚኖር የገበሬ ልጅ ብቻውን ይወጣው ተብሎ ተትቷል።

ማን ይከፍላል?

በራያ ቆላ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ማሽላና ጤፍ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚደርሰው ከሆነ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጥቂት ከብትና ፍየል፣ አለፍ ሲልም ከሳውዲ የሚላክ ገንዘብ ነው። ይህ ጥሪት የውጭ ክፍያን ይችለው እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ይህ እውነት ብዙዎችን ያስጎመጃል። ነገር ግን ተማሪው ለቪዛ ሲያመለክት የአንድ ዓመት መኖሪያው የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። ካናዳ ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ውጭ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዲያሳይ ትጠይቃለች። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት ለአንድ ሺህ ዶላር 57 ሺህ ብር ያዘጋጅ የነበረ ቤተሰብ አሁን ከ130 ሺህ በላይ ማዘጋጀት አለበት። የሽንኩርት ዋጋ በዚያ ልክ አላደገም።

ስለዚህ ለአብዛኛው የራያ ልጅ ፉል ስኮላርሺፕ የሌለበት አገር ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም። በሬና የእርሻ ቦታ ተሸጦ የመጀመሪያው ሴሚስተር ቢከፈል እንኳ ሁለተኛው ከየት ይመጣል? ክፍያው ሲቋረጥ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ትምህርቱ ሲቋረጥ ቪዛው ይበላሻል። ልጁ ዲግሪም ገንዘብም ሳይኖረው በሰው አገር ይቀራል፤ ቤተሰቡም ያለ በሬ።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ወጪ ከሚሸፍኑት መካከል ለእኛ ተማሪ ቀረብ ያሉት ጥቂት ናቸው።

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርኃዊ የኪስ ገንዘብን፣ የአውሮፕላን ትኬትንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትን ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቹ ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ዝቅተኛው ውጤት 70 በመቶ፣ ለሕክምና 90 በመቶ ነው። ማመልከቻው ምንም አያስከፍልም።

የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ክፍያንና ማደሪያን ሸፍኖ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር 2,500 ዩዋን ይሰጣል። የመጀመሪያ ዲግሪው በአብዛኛው በቻይንኛ ስለሆነ አንድ ዓመት ለቋንቋ ይሄዳል።

ሃንጋሪ የምትሰጠው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም በእንግሊዝኛ ለመማር ያስችላል። ወርኃዊ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ እዚያ የደረሰ ተማሪ ኪሱን አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ትኬቱንም የቋንቋውንም ዓመት ይከፍላል፤ ውድድሩ ግን ብርቱ ነው። ሩሲያ የምትሰጠው ኮታ የትምህርት ክፍያውን ያነሣል፤ ትኬቱና አብዛኛው ኑሮ በተማሪው ላይ ይወድቃል፤ «ነፃ» ሲባል ይህ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

አሜሪካ ውስጥ እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም.አይ.ቲ. ያሉት የተቀበሉትን ተማሪ በገንዘብ እጦት አይመልሱም፤ በኬንተኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅም የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። በሩ ጠባብ መሆኑን ግን አልሸሽግም። ከአንድ ሺህ ጎበዝ የሚገባው ጥቂት ነውና ሌላ አማራጭ ሳይያዝ በዚህ ብቻ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

ሙስሊም ለሆኑ ተማሪዎች የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲና የካይሮው አል አዝሃር የቆዩ በሮች ናቸው። መዲና ዛሬ ከሃይማኖት ትምህርት ሌላ የምሕንድስናና የኮምፒውተር ፋኩልቲዎችም አሉት። ወንድሙ ወይም እኅቱ በጉልበት ሥራ ወደተሰደዱበት አገር የራያ ልጅ በተማሪነት፣ በሕጋዊ ቪዛ መግባት እንደሚችል ማወቁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

በምን ቋንቋ?

ብዙ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር አገር ካልሆነ አልሄድም ይላል። ይህ ሐሳብ መመርመር አለበት። የእኛ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተማረ ይባል እንጂ በአብዛኛው ጽሑፉን አንብቦ ይረዳል፤ ሲናገርና ሲጽፍ ይቸገራል። ሕንድ በእንግሊዝኛ ስለምታስተምር ቀላል መስላ ትታያለች፤ እዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራን፣ ለምሳሌ በአንድራ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን ስኮላርሺፕ ካልተገኘ የግል ዩኒቨርሲቲዎቹ ክፍያ ወደ ዝግ ሒሳቡ ጭንቀት ይመልሰናል።

የቋንቋ ዓመት በተከፈለበት ስኮላርሺፕ መሄድ የጠፋ ዓመት አይደለም። ራያ ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት ብርቅ ያልሆነበት አገር ነው፤ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ፤ ከአፋር ጋር የሚገበያየው አፋርኛ፣ ከሳውዲ የተመለሰው አረብኛ ይዞ ይመጣል። ቱርክኛ ወይም ቻይንኛ ተምሮ መመለስ ለመሐንዲስና ለነጋዴ ሁለተኛ ሙያ ነው። መጠንቀቅ የሚገባው ለሕክምና ተማሪ ነው። ክፍሉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሕመምተኛው የሚናገረው በአገሩ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን ያላወቀ ተማሪ ሆስፒታል ሲገባ የሚያየው ብዙ፣ የሚሰማው ጥቂት ይሆናል።

የጎብዬ ማሽላ የሚያስተምረን

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በቆቦና በአካባቢው ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራን አሳምሮ ያውቀዋል። ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ምግቡን ይመጠምጠዋል፤ አበባው በላይ ሲታይ አዝመራው ቀድሞ ተጎድቷል። ይህን ተባይ አረም ከሚቋቋሙት በኢትዮጵያ ከተለቀቁ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ ከቆቦ በስተ ደቡብ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለችውን ከተማ ስም ይዟል፦ ጎብዬ። ሌላው አብሽር ይባላል። ሁለቱም የመጡት አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራው የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ምርምር ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ወሎንኮሚ በምትባል የምዕራብ ሸዋ መንደር የተወለዱ የድሃ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በአገራቸው፣ በዓለማያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 ያዙ። በዚያው ዓመት የፐርዱው የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴል የማሽላ ዘር ለመሰብሰብ ኢትዮጵያ ሲመጡ አብረው ሠሩ፤ አክስቴልም ተማሪያቸው እንዲሆኑ ጋበዟቸው። ዶክትሬታቸውን በ1978 ጨረሱ። በ2009 ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ይህ ታሪክ የተማሪውን ምርጫ ቅደም ተከተል ያሳያል። መጀመሪያ ማሽላ አለ፤ ከማሽላው በኋላ ማሽላን የሚያውቅ መምህር፤ ከመምህሩ በኋላ ዩኒቨርሲቲው። አሜሪካ የመጣችው በመጨረሻ ነው። እሳቸው የሚያጠኑትን ጉዳይ ይዘው ስለነበር ትምህርቱ ዞሮ ዞሮ ጎብዬ ላይ ደረሰ።

ለራያ ልጅ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሞልቷል። ከዞብልና ከምዕራቡ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በክረምት ማሳ ያጠጣል፤ አንዳንዴም ማሳ ይዞ ይሄዳል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባትን ከአባቱ ወርሷል፤ የከርሰ ምድር ውኃውን ስንት ዓመት መሳብ እንደሚቻል የሚለካ ባለሙያ ግን ያስፈልገዋል። ሽንኩርቱ በአንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋው ሲወድቅ የሚያቆይ መጋዘን፣ የሚያቀነባብር ፋብሪካ ይፈልጋል። ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይፈልጋል።

እነዚህን ጉዳዮች የያዘ ተማሪ የሚያገኘው በር በአብዛኛው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነው። ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ዕድሎች የሚበዙትም እዚያ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የከፈተው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በአልጄሪያዋ ትለምሰን ከተማ የውኃና የኢነርጂ ተቋም፣ በኬንያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም አለው። በኔዘርላንድስ ያለው አይ.ኤች.ኢ. ዴልፍት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የውኃ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሆኗል። በሳውዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር ዳር፣ በጀልባ የሚሻገሩ ልጆቻችን በሚያውቁት ባሕር ማዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ካውስት ለተቀበላቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ክፍያና ኑሮ ይሸፍናል፤ የበረሃ ግብርናና የውኃ ምርምር ማዕከላትም አሉት። የጀርመኑ ዳአድ፣ የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ በዚሁ ረድፍ ይቆጠራሉ።

ስለዚህ 12ኛን ጥሩ ውጤት ይዞ ያለፈ የራያ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን በወልድያ፣ በወሎ፣ በባሕር ዳር ወይም በተመደበበት ቢማርና ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ለሁለተኛው ቢዘጋጅ፣ በብዙ ሁኔታ የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕድሜው ይበስላል፤ ጉዳዩ ይለያል፤ የምክር ደብዳቤ የሚጽፍለት መምህርም ያገኛል።

ወረቀቱ

ብዙ ጎበዝ የሚወድቀው በውጤት ሳይሆን በወረቀት ነው። አንድ ተማሪ እናስብ። በ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ «ሐሰን» የሚለው የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ በአንድ «ኤስ» ተጽፏል፤ በ12ኛው ሰርተፊኬት በሁለት፤ በፋይዳ መታወቂያው መጨረሻው በሌላ አናባቢ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ በሩቅ አገር ሰነድ ለሚመረምር ሠራተኛ ሦስት ሰው ነው።

የልደት ቀኑም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2006 ተወለደ ማለት ነው። አንዱ ጸሐፊ ሰባት ደምሮ 2006 ይላል፤ ሌላው በልማድ ስምንት ደምሮ 2007 ይላል። ዕድሜ በሚቆጠርበት ስኮላርሺፕ ይህች አንድ ዓመት ታሳልፋለች ወይም ታስቀራለች፤ ሁለቱ ሰነዶች ካልተስማሙ ደግሞ ጥርጣሬ ታስነሣለች። ይህን ማስተካከል የሚቻለው በጊዜ፣ 11ኛ ክፍል ሳለ፣ በወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ነው።

ቀነ ገደቡም ከእኛ የሥራ ወራት ጋር ይጋጫል። የሃንጋሪው በጥር መጀመሪያ ይዘጋል፤ የቱርኩ በአብዛኛው ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ነው፤ የቻይናው ከኅዳር ጀምሮ ይከፈታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ማሽላ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ጊዜ ነው፤ ልጁም ቤተሰቡም ማሳ ላይ ናቸው። ማመልከቻው ደግሞ በኢንተርኔት ብቻ ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ፣ ስንት ልጅ ቀኑ እንዳለፈበት መገመት አያዳግትም።

ደላላውና ዕውቅናው

ክፍተቱን ደላላው ያውቀዋል። «ቪዛው የተረጋገጠ ነው»፣ «ቋንቋ አያስፈልግም»፣ «ዲፖዚቱን ዛሬ ካላስገባህ ቦታው ያልፍሃል» የሚሉት ሦስት አባባሎች ሲሰሙ ቤተሰብ እጁን ወደ ኋላ ማድረግ አለበት። ከላይ የቆጠርኳቸው የመንግሥት ስኮላርሺፖች ማመልከቻ በነፃ ነው፤ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ እንጂ ኤጀንሲ አይደለም።

በተለይ ሰሜን ቆጵሮስ ተብሎ የሚቀርበው ተስፋ ይመርመር። ያን አስተዳደር እንደ አገር የምታውቀው ቱርክ ብቻ ናት። አድሚሽን ማግኘት ቀላል ነው፤ ችግር ሲገጥም ግን የሚደረስበት የኢትዮጵያ ኤምባሲ እዚያ የለም። «አውሮፓ ነው» ብሎ የሚልክ ሰው ሙሉውን አልተናገረም።

ዕውቅናም አለ። ከውጭ የመጣ ዲግሪ አገር ውስጥ እንዲሠራ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሰጠው ይገባል። ተቋሙ በራሱ አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን ከመሄድ በፊት ማጣራት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ማጣራት ግን የሕይወት ኪሳራ ነው።

የቦታው ሰላምም ከዕውቅናው እኩል ይመዘን። በካርቱም ይማሩ የነበሩ ልጆች ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በተነሣው ጦርነት ትምህርታቸውን ጥለው ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሮጠዋል። ከጦርነት የሸሸ ልጅ ወደ ሌላ ጦርነት እንዳይሄድ ማየት የቤተሰብ ግዴታ ነው።

ስለ ሴት ልጆችም ሳልናገር አላልፍም። ሴት ልጅን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ለመላክ የሚደፍር ቤተሰብ፣ ማደሪያዋና ምግቧ ተከፍሎላት በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንድትማር ሲባል «ሩቅ ነው» ብሎ መፍራት የለበትም። ከሁለቱ አደጋው የቱ እንደሚብስ የራያ እናቶች ያውቁታል።

ምን ይደረግ?

ይህ ሁሉ መረጃ ምሥጢር አይደለም። አዲስ አበባ ያለ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰማዋል፤ በአሜሪካ ኤምባሲ ያለውን የትምህርት ምክር አገልግሎትም በታክሲ ሄዶ ያገኘዋል። የቆቦ ልጅ የጎደለው ይህ ነው፤ ጉድለቱን ለመሙላትም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ መምህር የክፍለ ጊዜ ጫናው ቀንሶለት ይህን ሥራ ይያዝ። የስኮላርሺፖቹ ስም፣ መመዘኛና ቀነ ገደብ በአማርኛ፣ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስምና የልደት ቀን በሁሉም ሰነድ አንድ መሆኑ በትምህርት ቤቱ ይመርመር። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ክፍሉን ለአካባቢው አመልካቾች ይክፈት። ውጭ የተማሩ የራያ ልጆች በየበዓሉ ሲመጡ ግማሽ ቀን ለተማሪ ይስጡ፤ የደላላውን ወሬ የሚያሸንፈው የሄደ ሰው እውነተኛ ምስክርነት ነው።

ተማሪውም ለራሱ አራት ጥያቄ በወረቀት ላይ ይጻፍ፦ ምን መማር እፈልጋለሁ? ወጪውን እስከ መጨረሻው የሚሸፍነው ማን ነው? የምማርበትን ቋንቋ እንዴት እይዘዋለሁ? ዲግሪዬ እዚህም እዚያም ይታወቃል? አራቱንም በሙሉ ልብ መመለስ ከቻለ ቤጂንግ ቢሆን ቡዳፔስት፣ ትለምሰን ቢሆን ኢንዲያና፣ ይሂድ፤ ቤተሰቡም መርቆ ይሸኘው። አንዱን እንኳ መመለስ ካቃተው በሬው ሳይሸጥ አንድ ዓመት ይቆይና ይዘጋጅ።